ስታንዳርድ ነው ወይስ ሃያ አምስት?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሞተር ቤሪንግ ልክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ነዋሪና መምህር ስሆን ወደ ወለንጪቲ የምመላለሰው በ1.6 ሊትር ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ከሁለት ወር በፊት ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ከሥር የመቀጥቀጥ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ጋራዥ ወስጄው ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ የኮንሮድ ቤሪንጎቹ ተልጠው፣ ሜን ቤሪንጎቹም ተጭረው ተገኙ። የጋራዡ መካኒክ «መምህር፣ ክራንኩ ስላረጀ ሃያ አምስት ይግዙ፤ እሱ ወፈር ስለሚል ክፍተቱን ይሞላዋል» አለኝ። ሌላ የማምነው መካኒክ ደግሞ «አሮጌው ጀርባው ላይ ስታንዳርድ ነው የሚለው፤ ያንኑ ይግዙ» አለኝ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ወዳለ አንድ ሻጭ ስደውል «ስታንዳርድ ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው? አንድ? ሁለት? ሦስት?» ብሎ ይባስ ግራ አጋባኝ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሦስቱም የነገሩዎት ነገር ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም አንዳቸውም የክራንክሻፍትዎ አንገቶች ዛሬ ስንት ሚሊሜትር እንደሆኑ አልጠየቁም። ይህ ሳይለካ የሚገዛ ቤሪንግ፣ ስታንዳርድም ይሁን ሃያ አምስት፣ በግምት የተገዛ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ከኪስዎ ከማውጣትዎ በፊት ጥቂት ታግሠው የሚከተለውን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ክራንኩ በፒስተኖቹ ተገፍቶ የሚዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ሲሆን፣ አንገቶቹ በቤሪንግ የሚታቀፉት ክብ ክፍሎቹ ናቸው። ሜን ቤሪንግ የሚገባው ክራንኩ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የኮንሮድ ቤሪንግ የሚገባው ደግሞ ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ማለትም ኮንሮዱ፣ ክራንኩን በሚይዝበት ቦታ ነው። ክራንኩ በሚዞርበት ጊዜ ከቤሪንጉ ጋር ብረት ለብረት እንዳይፋተግ የሚያደርገው በመካከላቸው የሚገባው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ለዚህ ሽፋን የተተወው ቦታ የዘይት ክፍተት ይባላል። በእርስዎ ሞተር አምራቹ ለሜን ቤሪንግ የፈቀደው ክፍተት ከ0.015 እስከ 0.033 ሚሊሜትር፣ ለኮንሮድ ቤሪንግ ደግሞ ከ0.020 እስከ 0.051 ሚሊሜትር ነው። ያገለገለ ሞተር ሲሆን ሜኑ እስከ 0.10፣ ኮንሮዱ እስከ 0.08 ሚሊሜትር ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ ካለፈ መለወጥ አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይቱ በበቂ መጠን ስለማያልፍ ቤሪንጉ ይግላል፤ ብሎም ቀልጦ ከአንገቱ ጋር ይጣበቃል። ከሰፋ ደግሞ ፓምፑ የሚገፋው ዘይት በጎን በኩል እየፈሰሰ ስለሚያልቅ ግፊቱ ይወርዳል፤ እርስዎ ዳገት ላይ የሰሙት ዓይነት ድምፅም ይመጣል። እንግዲህ ክርክሩ በሙሉ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ባነሰ ቦታ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው መካኒክ እንጀምር። ሃያ አምስት ማለት 0.25 ሚሊሜትር ማለት ሲሆን፣ ቁጥሩ የተሰየመው በክራንኩ ቅናሽ ነው። የክራንኩ አንገት በማሽን ተሞርዶ ውፍረቱ በ0.25 ሚሊሜትር ሲቀንስ፣ የቀነሰውን ቦታ እንዲተካ ቤሪንጉ በየጎኑ በ0.125 ሚሊሜትር ወፍሮ ይሠራል። ይህን ቤሪንግ ያልተሞረደ አንገት ላይ ለመግጠም ቢሞከር፣ ለአዲስ ሜን ቤሪንግ ከተፈቀደው ክፍተት ከሰባት እጥፍ የሚበልጥ ትርፍ ውፍረት ስለሚጨመርበት ካፑ (ቤሪንጉን አቅፎ በቡሎን የሚታሰረው ክዳን) ሲጠብቅ ክራንኩ ጨርሶ አይዞርም። አንገት በአገልግሎት ብዛት የሚበላው በመቶኛ ሚሊሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ አርጅቶ በራሱ ሃያ አምስት የሚገባ ክራንክ የለም። ሃያ አምስት የሚያደርገው ማሽን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያሳዝነኝን አንድ ልማድ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ወፍራም ቤሪንግ ገዝተው ክራንኩ አልዞር ሲላቸው ቤሪንጉን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በስለት እየፋቁ ልክ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ይህ ሥራ ከጥንት የመጣ ነው። ቤሪንግ ከነጭ ብረት ቀልጦ ብሎኩ ውስጥ በሚፈስበት ዘመን በእጅ ፍቆ ልክ ማስገባት የሙያው አንዱ ክፍል ነበር። የዛሬው ቤሪንግ ግን በብረት ጀርባ ላይ የተደራረቡ ስስ ብረቶች ያሉት ሲሆን፣ በሦስት ድርብርብ በተሠራው ላይ የሚገኘው ለስላሳ የላይኛ ሽፋን ከ0.03 ሚሊሜትር በታች ነው። አንድ ጊዜ በወረቀት ሲታሽ ይህ ሽፋን አለቀ ማለት ነው። ቤሪንጉን ቤሪንግ የሚያሰኘው ክፍሉ ሞተሩ እንኳን ሳይነሣ ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው መካኒክ አሮጌውን ገልብጦ ማየቱ ጥሩ ነው፤ ስታንዳርድ ላልተሞረደ ክራንክ የሚገባው ስለሆነ፣ ክራንኩ ከዚህ በፊት እንዳልተሞረደ ፍንጭ ሰጥቶታል። ይሁንና ጀርባው ላይ የተጻፈው የሚናገረው ባለፈው ጊዜ ምን እንደተገጠመ ነው። ያ ቤሪንግ ልክ ነበር ወይ? አንገቱስ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ይህን ጽሑፉ አይመልስም።

የሶማሌ ተራው ሻጭ ያነሣው ጥያቄ ግን ከሁሉም የጠለቀ ነው። በቶዮታ ሞተሮች ስታንዳርድ የሚባለው ቤሪንግ አንድ ውፍረት ብቻ የለውም። በእርስዎ ሞተር ሜን ቤሪንግ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ያለው ሲሆን፣ ባለ 1 ቁጥሩ መካከሉ ላይ ከ2.002 እስከ 2.005 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ከዚያ በየቁጥሩ 0.003 ሚሊሜትር እየጨመረ ሄዶ ባለ 5 ቁጥሩ ከ2.014 እስከ 2.017 ይደርሳል። የትኛው እንደሚገባ ለማወቅ ፋብሪካው ሁለት ነገሮች ላይ ቁጥር መትቷል። ብሎኩ ላይ ለእያንዳንዱ የሜን ቤሪንግ መቀመጫ 1፣ 2 ወይም 3፤ ክራንኩ ላይ ለእያንዳንዱ የሜን አንገት 0፣ 1 ወይም 2 ተመትቷል። ሁለቱ ሲደመሩ የቤሪንጉን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ብሎኩ 2፣ ክራንኩ 1 ካለ ቤሪንጉ ባለ 3 ቁጥር ነው። አምስቱ መቀመጫዎች የተለያየ ድምር ሊኖራቸው ስለሚችል፣ አንድ ሞተር ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቁጥር መግጠም የተለመደና ትክክለኛ ነገር ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚሁ ነው። ክራንኩ ላይ ያለው ቁጥር የተመታው ክራንኩ አዲስ ሳለ ነው። 0 ማለት አንገቱ ከ47.994 እስከ 48.000፣ 1 ማለት ከ47.988 እስከ 47.994፣ 2 ማለት ደግሞ ከ47.982 እስከ 47.988 ሚሊሜትር ነበር ማለት ነው። ለምሳሌ የሦስተኛው መቀመጫ ቁጥር 3 ነው እንበል፤ ይህም መቀመጫው ከ52.037 እስከ 52.043 ሚሊሜትር መሆኑን ያሳያል። ክራንኩ ላይ የተመታው 0 ሲሆን ዛሬ ሲለካ ግን 47.984 ሆኖ ተገኘ እንበል። በተጻፈው ከሄድን ድምሩ 3 ነው፤ ባለ 3 ቁጥር ቤሪንግ ገጥመን ስናሰላው ክፍተቱ በአማካይ ወደ 0.037 ይጠጋል፤ ከአዲስ ልክ አለፈ። በተለካው ከሄድን ግን አንገቱ ዛሬ የ2 ቁጥር ሆኗል፤ ድምሩ 5 ነው፤ ባለ 5 ቁጥሩ ሲገጠም ክፍተቱ ወደ 0.025 ይመለሳል። ሞተሩም፣ ክራንኩም፣ ስታንዳርድ የሚለው ቃልም ያው ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከመለካት ብቻ ነው። የብሎኩን ቁጥር ግን፣ ቤሪንጉ መቀመጫው ውስጥ ዞሮ ካልጎዳውና ካፖቹ ካልተለዋወጡ ወይም ካልተሞረዱ በቀር፣ ብዙውን ጊዜ ማመን ይቻላል፤ ምክንያቱም መቀመጫው የሚፋተግ ነገር የለውም።

አንገቱን የሚለካ ሰው ማይክሮሜትሩ እስከ ሺኛ ሚሊሜትር የሚያነብ መሆን አለበት፤ በመቶኛ የሚያነበው የ0.006 ልዩነትን አይለይም። ካሊፐርማ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይታሰብም። ደስ የሚለው ነገር የሜኑም አንገት በግምት 48፣ የኮንሮዱም 40 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ25 እስከ 50 የሚለካ አንድ ማይክሮሜትር ለሁለቱም ይበቃል። እያንዳንዱ አንገት በሁለት ጫፎቹ፣ በየጫፉም ዘጠና ዲግሪ እየዞረ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አራቱም ቁጥር ይጻፍ። በጫፎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሾጣጣነቱን፣ በአንድ ጫፍ ላይ ባሉት ሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ደግሞ ሞላላነቱን ያሳያል፤ ሁለቱም ከ0.02 ሚሊሜትር ማለፍ የለባቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም እኔን ራሴን አስተምሮኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ክራንክ በሙቅ ውኃ ታጥቦ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ቆየ። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ የአዳማ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት፣ ሣጥኑ ውስጥ በጥላ የዋለውን ማይክሮሜትር አውጥቼ ለካሁት፤ ቁጥሮቹንም ካርቶን ላይ ጻፍኳቸው። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ክራንኩና ማይክሮሜትሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ካደሩ በኋላ፣ ለማረጋገጥ ያህል ደግሜ ስለካ ሁሉም አንገቶች 8 ማይክሮን (0.008 ሚሊሜትር) ያህል ቀንሰው አገኘኋቸው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 48 ሚሊሜትር የሆነ የብረት አንገት ከመለኪያው በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበልጥ 0.008 ሚሊሜትር ወፍሮ ይነበባል። በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ግን 0.006 ብቻ ነው። በቀን ልኬቴ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አምስቱንም ቤሪንግ በስሕተት መርጬ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክራንክና መለኪያ አብረው ሳያድሩ ለክቼ አላውቅም፤ እርስዎም ይህን ጠይቀው ያስደርጉ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ሞተር ስንመለስ፣ የሜን አንገቶቹ ከ47.982 በታች ካልወረዱ፣ ሞላላነታቸው ከልኩ ካላለፈና ጥፍርዎን ሲያስኬዱበት የሚይዝ ጭረት ከሌለ፣ ክራንኩን ቀለል አድርጎ ፖሊሽ ማስደረግና ስታንዳርድ ሆኖ በድምሩ ቁጥር መግጠም ይበቃል። ፖሊሹም ጥቂት ማይክሮን ሊወስድ ስለሚችል የመጨረሻው ልኬት ከፖሊሹ በኋላ ይደረግ። የኮንሮድ አንገቶቹ ግን እየተቀጠቀጡ ስለሠሩ የመጎዳታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ከተጎዱ የመጀመሪያው መካኒክ ያለው ሃያ አምስት ትክክል የሚሆነው ያኔ፣ ከማሽን በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ የኮንሮዱ አንገት ከ39.745 እስከ 39.755፣ ሜኑም አብሮ የሚሞረድ ከሆነ ከ47.745 እስከ 47.755 ሚሊሜትር መውጣት አለበት። የተሞረደ አንገት ላይ የፋብሪካው የመደመር ስሌት ከእንግዲህ አይሠራም።

ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቄ እነግርዎታለሁ፦ ሃያ አምስቱ ቤሪንግ ገበያ ላይ መኖሩን አረጋግጠው፣ ገዝተው፣ በእጅዎ ይዘው ነው ክራንኩ ወደ ማሽን መግባት ያለበት። ክራንካቸውን አስሞርደው ቤሪንጉን ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ፈልገው ያጡ፣ በመጨረሻም ለሃምሳ (0.50 ሚሊሜትር) ለማስሞረድ የተገደዱ ሰዎች አውቃለሁ። ባለ ማሽኑም ቤሪንጉን በእጁ ይዞ ቢሠራ ይመረጣል። አንገቱ ከጎኑ ካለው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ክብ ማዕዘን እንዳይቆርጠው ይንገሩት፤ ያ ማዕዘን ስል ሆኖ ከቀረ ክራንኩ አንድ ቀን ከዚያው ይሰበራል። የዘይት ቀዳዳዎቹ አፍም ስለት ሳይኖረው ለስልሶ ይመለስ።

የኮንሮድ ቤሪንግ ስታንዳርድ ሆኖ ከቀረም ቁጥር አለው፤ የኮንሮዱ ካፕ ላይ 1፣ 2 ወይም 3 ተመትቷል፤ ቤሪንጉም ያንኑ ቁጥር ይይዛል።

ጥያቄ፦ በአዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ላይ ያለሁ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ። አለቃዬ ቤሪንግ ገጥሞ ካፖቹን ካጠበቀ በኋላ ክራንኩን በእጁ አዙሮ «ልክ ነው» ይላል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ደግሞ ላላ ያለውን ቤሪንግ ለማጥበቅ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ከጀርባው ሲያስገባ አየሁት። ትምህርት ቤት የተማርነው ፕላስቲጌጅ በሚባለው ሰም መሳይ ክር ነበር። የእጅ ስሜት ልምድ ላለው ሰው በቂ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ብሎኛል። በእጅ ማዞር አንድ ነገር ይነግርሻል፦ ክራንኩ የታነቀበት ቦታ መኖር አለመኖሩን። ስለዚህ አለቃሽ ይህን ማድረጉ ክፋት የለውም። ነገር ግን 0.02 ክፍተት ያለውም 0.08 ክፍተት ያለውም ክራንክ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ሲዞር እኩል ይለሰልሳል፤ የላላውን የሚለይ እጅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት የሠራም ሰው አይለየውም።

ብርማው ወረቀት ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም። ቤሪንግ መቀመጫው ውስጥ ሲገባ ጫፎቹ ከመቀመጫው አፍ በጥቂቱ ከፍ ብለው የሚታዩት በስሕተት አይደለም፤ ካፑ ሲጠብቅ ያ ትርፍ ተጨምቆ ቤሪንጉን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ሙቀቱም በዚያው በኩል ይወጣል። ከጀርባው ወረቀት፣ ቆርቆሮ ወይም ዘይት እንኳ ቢገባ ይህ መያያዝ ይበላሻል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ወረቀቱ ተንሸራቶም የዘይቱን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። የቤሪንጉ ጀርባና መቀመጫው ደረቅና ንጹሕ፣ ፊቱ ደግሞ በዘይት የራሰ ይሁን። አዳማ ነፋሷ የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚያዞር ከተማ ናት፤ ያ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ ከክፍተቱ ራሱ ሊወፍር ስለሚችል ቤሪንግ የሚገጠምበትን ሰዓትና ቦታ ምረጪ፤ በር ዝጊ፤ ጨርቅሽ ክር የማይተው ይሁን።

ፕላስቲጌጁን በተመለከተ የተማርሽው ትክክል ነው። አንገቱና ቤሪንጉ ከዘይት ተጠርገው ክሩ በአንገቱ ርዝመት ይቀመጣል፤ ካፑ በቶርክ መፍቻ በታዘዘው ልክ ይጠብቃል፤ ከዚያ ክራንኩ ቅንጣት ሳይዞር ካፑ ተፈትቶ የተጨፈለቀው ክር ስፋት በክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ካለው መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። ሰፊ ሆኖ ከተጨፈለቀ ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ቀጭን ከቀረ ሰፊ ነው። ነገር ግን ከክሮቹ ቀጭኑ ማለትም አረንጓዴው የሚለካው ከ0.025 እስከ 0.076 ሚሊሜትር ያለውን ነው። ከላይ በጠቀስነው ኮሮላ የሜኑ ክፍተት ከ0.015 ስለሚጀምር የልኩ ታችኛ ክፍል ከክሩ አቅም ውጭ ነው። ስለዚህ ክሩን ለማረጋገጫ ተጠቀሚበት፤ የቤሪንጉን ቁጥር ለመምረጥ ግን ማይክሮሜትር ያስፈልግሻል። አለቃሽን በክርክር ከማስቸገር ይልቅ፣ የሚቀጥለው ሞተር ሲመጣ አንገቶቹን አንድ በአንድ ለክተሽ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ በአክብሮት አሳዪው፤ ሙያውን የሚወድ ሰው የተጻፈ ቁጥር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ጥያቄ፦ የክራንኬ የኮንሮድ አንገቶች ተጭረዋል፤ ሜኖቹ ግን ደኅና ናቸው። ኮንሮዱን ሃያ አምስት አድርጌ ሜኑን ስታንዳርድ ብተወው ሞተሩ ሚዛኑን ይስታል የሚሉኝ አሉ። ሌላው ጭንቀቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሥራ አሠርቼ በወሩ ቤሪንጉ እንደገና መበላቱ ነው።

መልስ፦ ሚዛኑን አይስትም። አራቱም የኮንሮድ አንገቶች እኩል እስከተሞረዱ ድረስ ኮንሮድና ሜን የተለያየ ልክ ቢኖራቸው ምንም ችግር የለውም፤ ደኅናውን ሜን ያለ ምክንያት ማስሞረድ ነው ጉዳቱ። የትኛው ስንት እንደሆነ ግን መዝግበው ያስቀምጡ፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅመዋል።

በወሩ መበላቱን ስሰማ ከልክ ይልቅ የምጠረጥረው ንጽሕናን ነው። ቤሪንግ ሲበላ የወጣው የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተጉዞ በክራንኩ ውስጥ ባሉት የዘይት መንገዶች፣ በፓምፑና በብሎኩ ቱቦዎች ውስጥ ይቀራል። አዲስ ቤሪንግ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ ያ ብናኝ በመጀመሪያው ደቂቃ አዲሱ ቤሪንግ ላይ ይረጫል። ስለዚህ የክራንኩ ቀዳዳዎች በቀጭን ብሩሽና በነዳጅ ታጥበው በአየር ይነፉ፤ ብሎኩ ላይ የዘይት መስመሩን የሚዘጉት ቡሎኖች ተፈትተው መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጽዳ፤ የዘይት ፓምፑ ተከፍቶ ይታይ፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ካለው እሱም አይረሳ። የላይኛውና የታችኛው ሜን ቤሪንግ እንዳይቀያየሩም ይጠንቀቁ፤ ብዙውን ጊዜ ቦይና የዘይት ቀዳዳ ያለው በብሎኩ በኩል የሚቀመጠው ነው፤ ተገላብጦ ከተገጠመ ዘይቱ መግቢያ ያጣል። ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት የካንዴላዎቹን ገመድ ነቅለው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሪኖውን በየአሥር ሴኮንዱ እያሳረፉ ያዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ያስነሡት።